ያልተመረገው ጡብ

ለቅሶ ሊደርስ የመጣ ሰው ሁሉ ባልቴቷን ዘሏት ያልፋል።

በሩን ይከፍታል፣ በረዶውን ከጫማው ላይ ያራግፋል፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ ወንድ ልጇ። ሾፌሩን አቅፎ ትከሻውን መታ መታ ያደርግና «በርታ፤ እንግዲህ የቤቱ ምሰሶ አንተ ነህ» ይለዋል። ቀጥሎ ልብስ ሰፊዋን ሴት ልጇን አቅፎ አብሯት ይነፋረቃል። ከዚያ ወንበር ይፈልጋል፣ አፍንጫውን ይጠርጋል፣ ከቴርሞሱ ቡና ይቀዳለታል። ይህን ሁሉ ከጨረሰ በኋላ ነው፣ ጥግ ላይ የረሳውን ዕቃ እንዳገኘ ሰው ድንግጥ ብሎ፦

«ውይ እማማ! እዚህ ነዎት እንዴ?» የሚለው።

«የለሁም፤ ገበያ ሄጃለሁ» ትለዋለች ባልቴቷ።

ይህንን እንኳ ችላው ነበር። ያልቻለችው የመደቡን ነገር ነው።

መደቡ ያለው ከማዕድ ቤቱ ቀጥሎ ባለው መኝታ ክፍል ነው። ጡብ በጡብ ላይ ተደርቦ፣ ከግድግዳው ጋር ተያይዞ፣ ጥጉ ላይ በኩርባ ታጥፎ የተሠራ፣ ሰው እግሩን ዘርግቶ የሚተኛበት ረጅም መደብ። የማዕድ ቤቱ ምድጃ ጭስ እንደ በፊቱ ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ አይሄድም፤ በግድግዳው ቀዳዳ ይገባና በመደቡ ሆድ ውስጥ ሲዞር ሲጠማዘዝ ጡቡን አሙቆ፣ ወዲያ ጫፍ ላይ ባለው የጭስ መውጫ ይወጣል። ማለት፣ እንደዚያ እንዲሆን ነበር የታሰበው። ገና እሳት አልቀመሰም።

ለቀስተኛው ካፖርቱን መደቡ ላይ ይከምራል። ከዚያ በበሩ በኩል አሻግሮ ያየውና ከንፈሩን ይመጥጣል።

«ይኼ ነው የመጨረሻ ሥራው? በገዛ እጁ?» አለች ከከተማ የመጣች ፀጉር ሠሪ።

«በገዛ እጁ» አለ ሾፌሩ። «ግን ምን ዋጋ አለው፣ አልነደደም። አባዬ እኮ መጀመር ነው የሚያውቀው። ሲጨርስ ያየው ሰው የለም።»

በፍቅር ነው ያለው። ሰዉ እንባውን እየጠረገ ሳቀ።

«ጭቃውንስ ያቦካው ማን ሆነና ነው?» አለች ባልቴቷ። «ጡብ ያቀበለው፣ መብራት ይዞ የቆመለት፣ ‹ዘመመብህ፣ አቃናው› እያለ የጮኸበት ማን ነው? ጎረቤት ነው?»

«እሺ እማዬ» አለች ልጅቷ፣ ትኩሳት እንደያዘው ሕፃን ጉልበቷን እየደባበሰቻት። «እሺ፤ አረፍ በይ።»

እውነቱን ለመናገር ሟቹ ጀምሮ አይጨርስም ነበር። የቁም ሳጥኑ በር በአንድ ማጠፊያ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። ወንበሩ በሦስት እግሩ ግድግዳ ተደግፎ ይኖራል። መስኮቱ እስከ ወገቡ አረንጓዴ ቀለም፣ ከወገቡ በላይ ደረቅ እንጨት ነው። ባልቴቷ ይህንን ዕድሜ ልኳን ስትናገረው ኖራለች፤ ግን የእሷ መናገርና የሰው መናገር አንድ ነው እንዴ? ለዚህ ነበር ከቀብር እንደተመለሱ፣ ልብሷን እንኳ ሳትቀይር፣ ከጭስ መውጫው እግር ሥር አንድ ጡብ እንደሚነቃነቅ ጥርስ ሳይመረግ ቀርቶ ስታይ ደሟ የፈላው።

«በዚህም ልታሰድበኝ!» አለችው፣ የሌለውን ሰውዬ።

ጭቃ አቡክታ፣ ጎንበስ ብላ ዙሪያውን ድምድም አድርጋ መረገችው። እንግዲህ ማን ነው አልጨረሰም የሚል!

ከሰዓት በኋላ ሰው ሳሳ ሲል ልጆቿ ማዕድ ቤት ውስጥ ሲንሾካሾኩ ሰማቻቸው። ያረጀ ሰው ሁሉ የደነቆረ ይመስላቸዋል።

«ክረምቱን እዚህ ብቻዋን? ቤቱን እንዴት አድርጋ ታሞቀዋለች? ደርቃ ነው የምናገኛት» አለ ሾፌሩ።

«እኔ ጋ ትምጣ። ሳሎን ያለው ሶፋ ይዘረጋል።»

«ደላላውን አነጋግሬዋለሁ። ለቅሶው እንዳበቃ መጥቶ ቤቱን ያየዋል። እስከዚያ ቁልፉን እኔው ይዤዋለሁ።»

ባልቴቷ ከበሩ አጠገብ ወዳለው የቁልፉ ምስማር ቀና ብላ አየች። ባዶ ነው። የአልጋዋን ባዶነት እንደምንም ትቀበለው ይሆናል፤ የሰጠ ነው የወሰደው። የምስማሩን ባዶነት ግን ያመጣው እግዜር አይደለም።

ይህን ቤት የመረጡት እሷና ጋጋሪው ባሏ ናቸው። ባሏ ዕድሜውን ዳቦ ቤት የጨረሰ፣ ከእሳት ጋር የተጋባ ሰው ነበር። ልጆቹ «እዚያ ብቻችሁን ምን ትሠራላችሁ» ብለው ዳቦ ቤቱን አስሸጧቸውና ወደዚህ ብርድ አገር አመጧቸው። በሾፌሩ ፎቅ ላይ የሚያሞቃቸው ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ብረት ነበር። ጋጋሪው ጠዋት ጠዋት ብረቱን በጥርጣሬ ይዳብሰውና «ማን እንዳነደደው የማይታወቅ እሳት!» ይላል። እጁ ሥራ ፈቶ፣ የልጁን ማንኪያዎች በመጠን በመጠናቸው ሲደረድር ይውላል።

አንድ እሁድ ሾፌሩ ሊያናፍሳቸው ገጠር ይዟቸው ወጣ። መንገድ ዳር አሮጌ የድንጋይ ቤት አዩ፤ ጣሪያው ላይ አረንጓዴ ሽበት የበቀለበት፣ «ይሸጣል» የሚል ሰሌዳ አጥሩ ላይ የተንጋደደበት። ሻጩ ቁልፍ ሲያፈላልግ ጋጋሪው በመስኮት ገባ። በመስኮት! በዚያ ዕድሜው! እሷ ስትደርስ ጭንቅላቱን እስከ ትከሻው ምድጃው ውስጥ ከትቶ ወደ ላይ ያያል። ሲወጣ ፊቱ ጥላሸት፣ ጥርሱ ብቻ ነጭ።

«ሰማይ ይታየኛል!» አለ። «ይሄ ይነዳል!»

«የነደድከውስ አንተ ነህ» አለችው። ግን የእሷም ልብ ድው ድው ይል ነበር።

የመጀመሪያው ክረምት ታዲያ ጉድ ሠራቸው። እነሱ ባደጉበት ቤት እሳት ሲነድ በር ይከፈታል፤ ጭሱ ይውጣ፣ ሰው አይታፈን ተብሎ። እዚህም እንደዚያው አደረጉ። ምድጃውን እስኪያገሳ ያነዱታል፣ በሩን ወለል አድርገው ይከፍቱታል፣ ከዚያ ብርድ ልብስ ተከናንበው ይቀመጡና «የዚህ አገር እሳቱም ቀዝቃዛ ነው!» እያሉ ይራገማሉ። ክረምቱን ያሳልፋል ያሉት እንጨት በረዶው ሳይጠና አለቀ። አንድ ቀን ጎረቤታቸው ባለትራክተሩ ከመንገድ ላይ በተከፈተው በር አያቸው። ወርዶ መጣና፣ ገብቶ፣ በሩን ከኋላው ዘጋው። ከዚያ በእጁ ወደ ሜዳው እያመለከተ አንድ ነገር ተናገረ። ስልክ ደውለው ልጃቸውን ቢያስተረጉሙት «ላሞቼ አመስግንልን ብለዋል፤ ሜዳውን በሙሉ አሞቃችሁላቸው» ነበር ያለው።

ጋጋሪው ሆዱን ይዞ ሳቀ። ከዚያ ቀን ወዲህ ባለትራክተሩ ወዳጅ ሆነ። ከእነሱ ቋንቋ ሁለት ቃል ተማረ፤ «ደረቅ» እና «እርጥብ»። ሁለት ፍልጥ አንስቶ እርስ በርስ ያጋጫል። ኳ ብሎ ከጮኸ «ደረቅ!» ይላል። ድም ብሎ ከታፈነ «እርጥብ» ይልና አሽቀንጥሮ ይጥለዋል። ጋጋሪው ይህን ነገር እንደ ጨዋታ ወደደው። አንዲት ፍልጥ ሳያንኳኳ ቤት አያስገባም። እሷ ማዕድ ቤት ሆና፣ ከውጭ ኳ፣ ኳ ሲል ትሰማዋለች።

መኝታ ክፍሉ ግን አልሞቅም ብሎ እንቢ አለ። ጋጋሪው አልጋ ውስጥ ገብቶ እግሩን ጀርባዋ ላይ ይለጥፍባታል።

«አንሣልኝ ይህን የሬሳ እግርህን!» ትለዋለች።

አንድ ጠዋት ቁርሱን እያኘከ፦ «ዳቦ ቤት ሳለን» አለ፣ «እሳቱን ካወጣሁ በኋላ ጡቡ እስከ ማግስቱ ይሞቅ ነበር። ድመቷ እላዩ ላይ ነበር የምታድረው። እኛ ከድመት እናንሳለን?»

«ልትጋግረኝ ነው?»

«በደንብ አድርጌ። ግራና ቀኝ እያገላበጥኩ።»

በጋውን በሙሉ፣ በረዶ እስኪጥል ድረስ ሠሩ። እሷ ጭቃውን ከጭድ ጋር ቀላቅላ በእግሯ ትረግጣለች፤ እሱ ይደረድራል፤ ይጣላሉ፤ ያፈርሳሉ፤ እንደገና ይደረድራሉ። የመጨረሻው ጡብ ገብቶ ጭቃው ጠፈፍ ሲል፣ ለመጀመሪያው እሳት የሚሆን እንጨት ልምረጥ ብሎ ወደ ክምሩ ወጣ። ኳ አለ። ኳ። አንዴ ደግሞ ኳ። ከዚያ ዝም። ባልቴቷ ማንኪያ እንደያዘች ቆማ ጠበቀች። ጠበቀች። ስትወጣ ክምሩ ላይ ተቀምጦ አገኘችው፤ ሁለት ፍልጥ በሁለት እጁ እንደያዘ።

እና ይህ መደብ ነው እንግዲህ፣ ካፖርት የተከመረበት።

የልጆቿን ሹክሹክታ በሰማች ማግስት፣ ቤቱ በሰው ጢም ብሎ ሳለ፣ ባልቴቷ ከጥግ ብድግ አለች።

«ካፖርታችሁን ከመደቡ ላይ አንሡ።»

«ምን ልታደርጊ ነው እማዬ?»

«ልጨርስለት።»

ማንም ሳይይዛት ማዕድ ቤት ገባች። ጭራሮውን ጎለጎለች፣ ፍልጡን ደረደረች፣ ክብሪቱን ጫረች። እሳቱ ያዘ። ለአንድ አፍታ ጭሱ ወዴት እንደሚሄድ የሚያስብ መሰለ። ከዚያ ተመልሶ በምድጃው አፍ ቦልቦል አለ። ጥቁር፣ ወፍራም፣ ዓይን የሚቆጠቁጥ ጭስ። ሳሎኑ በሳል ታመሰ። ከጠዋት ጀምሮ አንዲት እንባ ያልወጣቸው ሰዎች ሳይቀሩ እንባቸው ወረደ፤ ያን ዕለት ሳያለቅስ ከዚያ ቤት የወጣ የለም። ፀጉር ሠሪዋ በካልሲዋ በረዶው ላይ ቆማ «ውይ ሹሩባዬ! ውይ ሹሩባዬ!» ትላለች። ሾፌሩ ባልዲ ውኃ አምጥቶ እሳቱ ላይ ቸለሰበት።

«በቃ!» አለ። ዓይኑ ቀልቷል። «በቃ እማዬ። አባዬ ሞከረ፣ አልሆነለትም። አሁን አንቺም ታፍነሽ ልትሞቺብን ነው?»

ባልቴቷ በሕይወቷ አፏ የተያዘው ያን ቀን ነው። ሾፌሩ ለሳሎን የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ገዝቶ አመጣ፤ «ምድጃውን እንዳትነኪው» ብሎም ሄደ። ልጅቷ ማሞቂያው አጠገብ ፍራሽ ዘርግታ ከእናቷ ጋር ሰነበተች።

በማግስቱ ጠዋት፣ ልጅቷ ገና ሳትነቃ፣ ባልቴቷ ቀዝቃዛው መደብ ላይ ተቀምጣ ባሏን ትወቅሰው ጀመር። «አንተ ሰውዬ፣ ዕድሜህን በሙሉ ከምድጃ ጋር ኖረህ፣ አንዱን ለእኔ ስትሠራው ይጠፋሃል? ዳቦ ቤት ምን ታደርግ ነበር? ተዘግቶ የከረመውን ምድጃ ስትከፍት መጀመሪያ...»

ያን ጊዜ ትዝ አላት።

አዲስ ሙሽራ ሳለች ነው፤ ምሳ ይዛለት ሄዳ። ዳቦ ቤቱ ተዘግቶ ሰንብቶ ምድጃው እንደ ድንጋይ ቀዝቅዞ ነበር። ጋጋሪው ግን እሳቱን ምድጃው ውስጥ አላነደደም። በስተኋላ ዞሮ ከጭስ መውጫው ሥር አንዲት ጡብ መዘዘና አንድ እፍኝ ጭድ ለኩሶ እዚያ ከተተ። «የቀዘቀዘ ጭስ መውጫ እንቅልፋም ነው» ብሏት ነበር እየሳቀ። «ቀድመሽ ካልቀሰቀስሽው ጭሱን ዓይንሽ ላይ ይተፋብሻል።»

ባልቴቷ ቀስ ብላ ወደ መደቡ መጨረሻ ዞር አለች። ጥርስ መስላ ትነቃነቅ ወደነበረችው ጡብ። በገዛ እጇ ድምድም አድርጋ ወደመረገቻት።

«አልረሳትም!» አለች። «አንተ ሌባ! ትተሃት ነው እንጂ አልረሳሃትም!»

ቢላዋ ይዛ ተንበረከከች። የመረገችውን ጭቃ ፈቀፈቀችው። ጡቧ ስትወጣ በስተጀርባዋ እጅ የምታስገባ ንጹሕ ጉድጓድ ተከፈተች፤ ታስቦባት፣ ተለክታ የተሠራች። ጭድ ለኮሰችና ከተተች። ነበልባሉ መጀመሪያ ተኛ። ከዚያ ቀና አለ። ከዚያ አንድ የሚስበው እጅ እንዳለ ሁሉ ወደ ላይ ተመዘዘና ጭስ መውጫው ሁ... ብሎ አገሳ፤ አቀበት እንደያዘ የጭነት መኪና። ጡቧን ወደ ቦታዋ መልሳ ወደ ምድጃው ሮጠች። ሮጠች! ያ ጉልበቴ፣ ያ ወገቤ የምትለው ሁሉ የት እንደገባ እንጃ። ጭራሮውን ለኮሰች። ጭሱ አላመነታም፤ ዘወር ብሎ ሽው እያለ ወደ መደቡ ሆድ ገባ።

በነጠላ ጫማ ወደ ውጭ ወጣች። ከጣሪያው ላይ ቀጭን ነጭ ጭስ ሽቅብ ይወጣል። ጥቁር ልብሷን እንደለበሰች፣ ሐዘን ላይ መሆኗን ረስታ፣ አጨበጨበች። ባለትራክተሩ በመንገዱ ሲያልፍ አይቷት ቆመ። ባርኔጣውን አውልቆ ወደ ጭሱ አንጋጠጠ።

«ደረቅ?» አላት።

«ደረቅ!» አለችው። «ደረቅ፣ ደረቅ!»

ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ ልጅቷ ሳትነቃ ትንሽ ትንሽ ታነዳለች። መደቡ እርጥበቱን ቀስ እያለ እንዲተፋ እንጂ እንዲሰነጠቅ አትፈልግም። ሰው ሲመጣ እሳቱ አመድ ሆኗል፤ የመኝታ ክፍሉ በር ተዘግቷል። በየመሃሉ «ትንሽ ጋደም ልበል» እያለች ትገባና ጡቡን በመዳፏ ትከተላለች። ሙቀቱ የመጀመሪያው ቀን ገና ግድግዳው ሥር ነበር። በማግስቱ አንድ ክንድ ያህል ራመድ አለ። በማግስቱ ደግሞ ኩርባዋን ዞረ! የደረሰበት ቦታ ላይ የባሏን ወፍራም ካልሲዎች ታስቀምጣለች፤ ሲገፋ ትገፋቸዋለች። ሲዞር ደስታው አላስችል ብሏት በሻሿ አፏን አፍና ሳቀች። ሳሎን ያሉት ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ በበሩ ስንጥቅ አይተው «ተዉአት፤ አልቅሳ ይውጣላት» ተባባሉ።

«ካልሲዎቹን አየሃቸው?» አለችው ልጅቷ ወንድሟን በሹክሹክታ። «በየቀኑ ታንቀሳቅሳቸዋለች። ትናንት መሃል ላይ ነበሩ፤ ዛሬ ደግሞ ወደዚያ ሄደዋል። ‹ዛሬስ የት ደረስክ?› ስትላቸው ሰምቻታለሁ።»

«ወይኔ እናቴ» አለ ሾፌሩ። «ቶሎ እንውሰዳት።»

ለቅሶው ባበቃበት ቀን ደላላውን ይዞት መጣ። ቀይ አፍንጫ ያለው፣ እጁን ከኪሱ የማያወጣ ረጅም ሰውዬ ነው። ሳሎኑን አየና አንገቱን ነቀነቀ። ማዕድ ቤቱን አየና አንገቱን ነቀነቀ። የቁም ሳጥኑን በር ሲነካው እጁ ላይ ቀረ። ሾፌሩ እየተረጎመ ለእህቱ፦ «ብርዳም ቤት ነው፤ ማን ይገዛዋል ይላል» አላት።

መኝታ ክፍል ገቡ። ባልቴቷ በሩ ላይ ቆመች። ደላላው እያወራ መደቡ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ። ወሬው መሃል ላይ ተቆረጠ። እጁን ከኪሱ አወጣና ከጎኑ ያለውን ጡብ ነካ። ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ደግሞ ነካ። ከዚያ የካፖርቱን ቁልፎች ፈታ፣ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጠ፣ ዓይኑንም ጨፈነ።

«ምን ሆነ ሰውዬው?» አለች ልጅቷ።

ደላላው ዓይኑን ሳይገልጥ ተናገረ። ሾፌሩ ተረጎመው። «እንዲህ ያለ ነገር እንዳለው ለምን አልነገርከኝም... ይህን ቤት በሳምንቱ እሸጠዋለሁ ይላል።»

«በለው፣ ቂጡ ከሞቀ ይነሣ» አለች ባልቴቷ። «ቤቱ አይሸጥም።»

ሾፌሩ አልሰማትም። መደቡን በመዳፉ እየዳበሰ መራመድ ጀምሯል፤ ከግድግዳው፣ ወደ መሃሉ፣ ወደ ኩርባው። ካልሲዎቹ መጨረሻው ጡብ ላይ፣ ከጭስ መውጫው ሥር ተቀምጠዋል። እጁን ከእነሱ ጎን አሳረፈ።

«እስከዚህ ድረስ መጣ?»

«ጠዋት ደረሰ።»

«ያን ቀን ግን... እኮ አይተነው...»

«ያን ቀን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ያቺን ጡብ ተመልከታት። አባትህ የጭስ መውጫው መቀስቀሻ ብሎ የተዋትን፣ እኔ ረስቷት ነው ብዬ መረግኋት። ሰው አልጨረሰም እንዳይለው። ጨርሶታል። ስማ፤ አባትህ ጨርሶታል!»

በእነዚያ ሁሉ ቀናት ሰው ሁሉ እያቀፈ «በርታ» ሲለው የሰነበተው ሾፌር፣ ጭስ ካስለቀሰው በቀር ያላለቀሰው ሾፌር፣ ካልሲዎቹ አጠገብ ቁጭ አለና ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ። ልጅቷ መጥታ ከጎኑ ተቀመጠች። ደላላው ነገሩ ገብቶት ካፖርቱን ቆለፈና ቀስ ብሎ ወጣ፤ በሩን ዘግቶ።

ባልቴቷ እስኪበቃው ድረስ ጠበቀችው። ከዚያ መዳፏን ዘረጋች፤ ጥላሸት የጠጣ፣ የተሰነጣጠቀ መዳፏን።

«ቁልፉን።»

«እማዬ፣ ክረምቱ እኮ ረጅም ነው...»

«ረጅም ይሁን። ቁልፉን።»

ሾፌሩ ከኪሱ አውጥቶ መዳፏ ላይ አስቀመጠው። ባልቴቷ ወደ ምስማሩ አልሄደችም፤ ጉያዋ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ጎንበስ ብላ የባሏን ካልሲዎች አነሣች፣ በሥራቸው ያለውን ጡብ በእጇ ጀርባ ለካች፣ አንድ ጎናቸው ስለሞቀ በሌላው ጎናቸው ገለበጠቻቸው።

«አሁን ተነሥ» አለችው። «ወደ ክምሩ ሂድና ደረቅ ደረቁን አምጣልኝ። እያንኳኳህ ምረጥ፤ ጠንከር አድርገህ። እኔ ማዕድ ቤት ሆኜ እንድሰማው።»